አልማዝ ያለፈበትን አይረሳም

በመዝገብ ደብተሬ ውስጥ ባገኘሁት ቁጥር ቆም ብዬ የማየው አንድ ገጽ አለ። ሁለት ቁጥሮች ተጽፈውበታል፤ ሁለቱም የአንድ የአልማዝ ሴንሰር ልኬቶች ናቸው። ድንጋዩ ያው ነው፤ የተጫነበት ቮልቴጅ፣ ከበላዩ የተቀመጠው ጨረራ የሚለቅ የስትሮንቲየም ምንጭ፣ ማጉያውና ኬብሉ አንዳቸውም አልተለወጡም። የመጀመሪያው ቁጥር የተጻፈው ሐሙስ ማታ ከሥራ ከመውጣቴ በፊት ሲሆን ሁለተኛው የተጻፈው ዓርብ ረፋድ ላይ ነው። የዓርቡ ከሐሙሱ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከሥሩ በራሴ እጅ፣ በጥድፊያ፣ «ያልተረጋጋ፤ ለዲቴክተር አይሆንም» የሚል ፍርድ ሰፍሯል።

ያ ፍርድ ስህተት ነበር፤ ድንጋዩ ጤነኛ ነበር። ለቅንጣት ፊዚክስ የሚውሉ የአልማዝ ሴንሰሮችን መፈተሽ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ለሚጠይቁኝ ሰዎች ከዚያ ገጽ የተሻለ መግቢያ ስላላገኘሁ፣ ዛሬ ነገሩን ከመነሻው ለመጻፍ ወስኛለሁ።

በመጀመሪያ አልማዝ ለምን እንደተፈለገ ልናገር። በታላቅ ማፋጠኛ ውስጥ ሁለት የፕሮቶን ጨረሮች በሚጋጩበት ነጥብ ዙሪያ የሚቀመጡ ሴንሰሮች በየሰከንዱ እጅግ ብዙ ቅንጣቶች ይበሷቸዋል። እያንዳንዱ ቅንጣት ሲያልፍ አልፎ አልፎ አንድን አቶም ከመደቡ ያፈናቅላል፤ ከዓመታት በኋላ ሴንሰሩ ውስጡ የተበላሸ ክሪስታል ይሆናል። የዘርፉ ዋና ሠራተኛ የሆነው ሲሊከን ይህ ሲደርስበት ሳይታዘዝ በውስጡ ሾልኮ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ጅረት እየጨመረ ይሄዳል፤ ያንን ለመግታት ደግሞ ያለማቋረጥ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በአልማዝ ውስጥ የካርቦን አቶሞች እርስ በርስ የተያያዙበት ጥንካሬ ከፍተኛ በመሆኑ አንዱን ከቦታው ለመንቀል 43 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ይጠይቃል፤ ኤሌክትሮን ቮልት አንድ ኤሌክትሮን በአንድ ቮልት ሲገፋ የሚያገኘው ጉልበት ነው። ኤሌክትሮንን ከታሰረበት ደረጃ ነፃ ወደሚሆንበት ደረጃ ለማሻገር ደግሞ 5.5 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይፈጃል፤ በሲሊከን ይህ 1.12 ብቻ ነው። ስለዚህ አልማዝ በክፍል ሙቀት፣ ያለ ማቀዝቀዣ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ተጭኖበት እንኳ ጅረት የሚያሳልፈው እጅግ በጥቂቱ ነው። ሙቀትንም ከመዳብ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ያሻግራል። እነዚህ ሁሉ ከግጭቱ ነጥብ አጠገብ ለሚቀመጥ ነገር ትልቅ ጸጋ ናቸው።

ጸጋው ግን ዋጋ አለው። ኤሌክትሮንን ለማስለቀቅ ብዙ ጉልበት የሚጠይቅ ቁስ ከሚያልፈው ቅንጣት የሚሰጠው ምልክትም ትንሽ ነው። በአልማዝ አንድ ጥንድ ነፃ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ለመፍጠር 13 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ሲያስፈልግ በሲሊከን 3.6 ይበቃል። ፈጣን ቅንጣት አልማዝን አቋርጦ ሲያልፍ በእያንዳንዱ ማይክሮሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺህኛ፣ በአማካይ 36 ጥንዶችን ትቶ ይሄዳል፤ ይህም ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ሲሊከን ከሚገኘው ከግማሽ በታች ነው። በ500 ማይክሮሜትር ውፍረት ላይ ስናሰላው 18,000 ጥንዶች ይሆናሉ። ይህን ያህል ኤሌክትሮን የሚሸከመው ቻርጅ፣ አንድ ኩሎም ለሺህ ትሪሊዮን ተከፍሎ ከሚደርሰው ሦስት እጥፍ አይበልጥም ብል ለአንባቢ ብዙም ላይጨበጥ ይችላል፤ በተግባር ግን እያንዳንዷ የጠፋች ኤሌክትሮን ትቆጠራለች ማለት ነው። የፈታሹ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ከነዚያ 18,000 ጥንዶች ስንቱ እውነት ደረሰ?

«ደረሰ» ያልሁት ለአገላለጽ እንዲመች ነው እንጂ ምልክቱ የሚወለደው ቻርጁ ኤሌክትሮዱ ላይ ሲያርፍ አይደለም። ኤሌክትሮኑ ወደ አንዱ ፊት፣ ጥሎት የሄደው ባዶ ቦታ፣ በሙያው ቋንቋ ሆል የምንለው፣ ወደ ሌላው ፊት ሲጓዙ፣ ጉዟቸው ራሱ በኤሌክትሮዶቹ ላይ ጅረት ያነሳሳል። ተመራማሪዎቹ ሾክሌይ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ራሞ ደግሞ በ1939 ይህንን በቀመር አሳይተዋል። ትርጉሙ ለእኛ ወሳኝ ነው። ቻርጁ መንገድ ላይ ቢቀር የሚሰጠን የሄደውን ያህል ብቻ ነው፤ ግማሽ መንገድ ከሄደ ግማሹን ምልክት ይሰጣል። ከዚህ ተነሥቶ የአልማዝ ጥራት የሚገለጽበት ዋና መለኪያ ርቀት ሆኗል፤ ኤሌክትሮኑና ሆሉ ከመያዛቸው በፊት በአማካይ ምን ያህል ተራርቀው ይጓዛሉ የሚለው። የቻርጅ መሰብሰቢያ ርቀት እንለዋለን። የተለካውን አማካይ ቻርጅ ለ36 ማካፈል ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ውፍረቱ 500 ማይክሮሜትር የሆነ ድንጋይ 9,000 ኤሌክትሮን ከሰጠ ርቀቱ 250 ማይክሮሜትር ነው።

መንገድ ላይ የሚያስቀራቸውን ለመረዳት ድንጋዩ እንዴት እንደተወለደ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ የምንጠቀምበት አልማዝ ከመሬት የተቆፈረ አይደለም። በዝቅተኛ ግፊት በተያዘ ክፍል ውስጥ ብዙ ሃይድሮጅን ከጥቂት ሚቴን ጋር ይገባል፤ ማይክሮዌቭ ጋዙን ወደ ሚያበራ ፕላዝማ ይለውጠዋል፤ ካርቦኑም ከታች ባለው ጠፍጣፋ መደብ ላይ አቶም በአቶም እየተደረደረ ያድጋል። መደቡ ራሱ አልማዝ ከሆነ በላዩ የሚያድገው ነጠላ ክሪስታል ይሆናል። መደቡ ሲሊከን ከሆነ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ፤ ሲያድጉም እየተጋፉ፣ ደካማው እየቀረ፣ ብርቱው እየሰፋ እንደ ዓምድ ወደ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ሥሩ ደቃቅና በመጋጠሚያ የተሞላ ሲሆን አናቱ ሰፋፊ ክሪስታሎች ያሉበት ነው፤ ሥሩ ተፍቆ የሚጣለውም በዚህ ምክንያት ነው። ነጠላ ክሪስታሉ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጎኑ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ነው። ባለብዙ ክሪስታሉ በሰፊ ገበታ ይገኛል፤ ነገር ግን በክሪስታሎቹ መጋጠሚያና በውስጣቸው ባሉ ጉድለቶች ላይ ኤሌክትሮንና ሆል የሚይዙ ወጥመዶች አሉት።

እነዚህ ወጥመዶች ናቸው ድንጋዩን ባለ ትዝታ የሚያደርጉት። ወጥመድ ባዶ ከሆነ የሚያልፈውን ቻርጅ ይይዛል፤ አንዴ ከሞላ በኋላ ግን የሚቀጥለውን አይነካውም። የአልማዝ ወጥመዶች ብዙዎቹ ጥልቅ በመሆናቸው በክፍል ሙቀት የያዙትን አይለቁም፤ በጨለማ የተቀመጠ ድንጋይ የሞሉ ወጥመዶቹን ለቀናትና ለሳምንታት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ፈጽሞ ያልተነካ ባለብዙ ክሪስታል አልማዝ በስትሮንቲየም ምንጭ ሥር ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚሰጠው ምልክት ትንሽ ነው፤ ጨረራው ወጥመዶቹን እየሞላ ሲሄድ ምልክቱ በሰዓታት ውስጥ ያድግና አንድ ከፍታ ላይ ደርሶ ይረጋል። በዚያ የረጋ ሁኔታ ላይ ያለን ድንጋይ ወስዶ ለብርሃን፣ በተለይም ለሰማያዊና ለአልትራቫዮሌት ብርሃን ማጋለጥ ወጥመዶቹን ባዶ ያደርጋቸዋል፤ ማሞቅም እንደዚያው። ያን ጊዜ ድንጋዩ የተማረውን ረስቶ እንደገና ከታች ይጀምራል።

እንግዲህ ወደ ዓርቡ ገጽ እንመለስ። ሐሙስ ማታ የለካሁት ድንጋይ ሙሉ ቀን ከምንጩ ሥር የዋለ፣ ወጥመዶቹ የሞሉ ድንጋይ ነበር። ዓርብ ጠዋት ግን ልኬቱን ከመቀጠሌ በፊት የወርቅ ልባሱ ጠርዝ ላይ ጭረት ያየሁ መስሎኝ ድንጋዩን ከሳጥኑ አውጥቼ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጬ፣ በብርቱ መብራት ከግራ ከቀኝ ፎቶግራፍ አነሳሁት። ጭረት አልነበረም። መልሼ አስገባሁትና ለካሁት፤ ቁጥሩ ወርዶ አገኘሁት። ብየዳውን መረመርሁ፤ ኬብሉን ቀየርሁ፤ የማጉያውን ልክ በሚታወቅ ቻርጅ አረጋገጥሁ። መብራቱን ግን አላሰብሁትም፤ በመዝገቡም ላይ አልጻፍሁትም። ለእኔ ፎቶ ማንሳት ልኬት አልነበረምና። ድንጋዩ ግን የእኔን የሥራ አከፋፈል አያውቅም፤ የደረሰበትን ብቻ ያውቃል።

ድንጋዩ ከማይፈለጉት ጋር በሣጥን ተቀምጦ ብዙ ወራት ቆየ። በሙያው ከእኔ ብዙ ዓመት የሚቀድሙኝ አንዲት ባልደረባዬ አሮጌ ሣጥኖችን ሲያስተካክሉ አገኙትና መዝገቡን አንብበው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ስለ ብየዳውም ስለ ማጉያውም አልጠየቁኝም። «ከዓርቡ ልኬት በፊት ይህ ድንጋይ የት ነበር?» ብቻ አሉኝ። ጥቂት አስቤ ስለ ማይክሮስኮፑ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «በል ሌሊቱን ከምንጩ ሥር አሳድረውና ነገ እንነጋገራለን» ብለውኝ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ቁጥሩ የሐሙስ ማታው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልኬትን የማየው በሌላ ዓይን ነው። የሲሊከን ሴንሰር ቁጥር የሴንሰሩ ቁጥር ነው ማለት ይቻላል፤ ሙቀቱንና ቮልቴጁን ከነገሩኝ በአብዛኛው ይበቃኛል። የአልማዝ ቁጥር ግን የድንጋዩና የታሪኩ ቁጥር ነው። ታሪኩ ያልተጻፈለት የአልማዝ ልኬት፣ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢወሰድ፣ ሌላ ሰው ሊደግመው የማይችል ልኬት ነው፤ እኔም ከእንዲህ ያለ ቁጥር ይልቅ ባዶ ገጽ እመርጣለሁ።

አሁን ሥራው በጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚመስል ልግለጽ። አዲስ ድንጋይ ሲመጣ በመጀመሪያ በአሲድ ይታጠባል፤ በፊቱ ላይ የሚቀር ካርቦን ራሱ ጅረት ስለሚያሻግር አንዲት የጣት አሻራ እንኳ ልኬቱን ታበላሻለች። ቀጥሎ በሁለቱም ፊቶቹ ላይ ኤሌክትሮድ ይለበጣል፤ ከአልማዙ ጋር የሚያያዝ ስስ የክሮሚየም ወይም የቲታኒየም ንጣፍ ከሥር፣ ወርቅ ከላይ። ከዚያ በጨለማ፣ በደረቅ አየር ወይም በናይትሮጅን ውስጥ ሆኖ ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ይጫናል። እርጥበት ካለ ጅረቱ በድንጋዩ ውስጥ ሳይሆን በጠርዙ ላይ ይሄድና ሰውን ያሳስታል። ጥሩ ድንጋይ በ500 ቮልት የሚያሳልፈው ጅረት በፒኮአምፔር፣ ማለትም በአምፔር ትሪሊዮንኛ፣ የሚቆጠር ነው፤ እዚህ ደረጃ ላይ ኬብሉን መንካት ብቻ ከድንጋዩ የበለጠ ጅረት ያሳያል። ስለዚህ ቮልቴጁን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ነው። ይህን ክፍል ብዙዎች አሰልቺ ይሉታል፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ስለ ድንጋዩ የመጀመሪያው እውነት የሚታየው ጅረቱ ከፍ ካለ በኋላ በሚረጋበት መንገድ ላይ ነው።

አንዳንድ ባለብዙ ክሪስታል ድንጋዮች ለሰዓታት ጸጥ ብለው ይቆዩና በድንገት ያለ ምንም ምክንያት ጅረታቸው በብዙ እጥፍ ይዘላል። በአሜሪካ ስታንፎርድ በነበረው ባባር የተባለ የቅንጣት ፊዚክስ ሙከራ ለጨረራ ቁጥጥር የተተከሉ አልማዞች ይህንን ጠባይ አሳይተው ነበር፤ የሚያስገርመው ግን የዲቴክተሩ ማግኔት፣ ማለትም 1.5 ቴስላ፣ ሲበራ ዝላዩ መጥፋቱ ነው። ስለዚህ በጠረጴዛ ላይ የሚያስደነግጥ ድንጋይ በዲቴክተሩ ውስጥ ጨዋ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩን የምንፈትሽበት ሁኔታ እንደሚኖርበት ሁኔታ ካልሆነ ፍርዳችን የተሳሳተ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ጅረቱ ካለፈ በኋላ የስትሮንቲየም 90 ምንጭ ይመጣል። ስትሮንቲየሙ ሲበታተን የሚወልደው ኢትሪየም እስከ 2.28 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርስ ጉልበት ያላቸው ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ ከእነዚህ ብርቱዎቹ ድንጋዩን ሙሉ በሙሉ ያቋርጣሉ። ከድንጋዩ ኋላ ሌላ ሴንሰር ተቀምጦ አቋርጠው የወጡትን ብቻ ይመሰክራል፤ የእኛ ኤሌክትሮኒክስም ያንን ምስክር ሲሰማ ብቻ የአልማዙን ምልክት ይመዘግባል። ይህ ጥንቃቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ልኬቱ ራሱን ያታልላል። ከአንድ ደፍ በላይ የሆኑ ምልክቶችን ብቻ ብንመዘግብ ደካሞቹን ጥለን ብርቱዎቹን ቆጥረን አማካዩን ከፍ እናደርገው ነበር። ዜሮ የሚጠጋ ምልክት የሰጠ ቅንጣትም አልፏልና መቆጠር አለበት። የሚገኘው ስርጭት ወደ ቀኝ ረጅም ጅራት ያለው ነው፤ ጥቂት ቅንጣቶች በአጋጣሚ ብዙ ጉልበት ጥለው ስለሚያልፉ። ባለብዙ ክሪስታል ከሆነ ደግሞ ወደ ግራም ይሰፋል፤ ቅንጣቱ ያለፈበት ቦታ እንደየመጋጠሚያው ስለሚለያይ።

ለነጠላ ክሪስታል ሌላ ፈተና አለ፤ ከሁሉም የምወደው እርሱን ነው። አሜሪሲየም 241 የሚለቀው የአልፋ ቅንጣት 5.5 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ጉልበት ቢኖረውም አልማዝ ውስጥ ከ15 ማይክሮሜትር በላይ ዘልቆ አይገባም። እዚያው ፊቱ ላይ ቆሞ ከ400 ሺህ በላይ ጥንዶችን በአንድ ቦታ ይጥላል። በላይኛው ፊት ያለው ኤሌክትሮድ አሉታዊ ከሆነ ሆሎቹ ወዲያው ይሰበሰቡና ኤሌክትሮኖቹ ብቻ ሙሉውን ውፍረት ይጓዛሉ፤ ቮልቴጁን ስንገለብጠው ሆሎቹ ብቻ ይጓዛሉ። ፈጣን ማጉያና የምልክትን ለውጥ በስክሪን ላይ የሚስል ኦሲሎስኮፕ ካለን የጉዟቸውን መልክ እናያለን። ጅረቱ በድንገት ይነሣል፣ ለጥቂት ናኖሰከንዶች፣ ማለትም ለጥቂት የሰከንድ ቢሊዮንኛዎች፣ ይዘልቃል፣ ቻርጁ ማዶ ሲደርስ ይወድቃል። ከላይ ያለው መስመር እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ከሆነ በድንጋዩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ ወጥ ነው፤ ቁልቁል እያዘመመ ከሄደ ወይ ቻርጁ እየተያዘ ነው፣ ወይ መስኩ ተዛብቷል። ከሲሊከን ለመጣ ሰው የሚያስገርመው ደግሞ በአልማዝ ሆሎቹ ከኤሌክትሮኖቹ ቀድመው መድረሳቸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህንን ስክሪን ላይ ያየሁ ዕለት የአንድ ሚሊሜትር ግማሽ የማይሞላ ጉዞ ከመነሻ እስከ መድረሻ በዓይኔ የተከታተልሁ መስሎ ተሰማኝ፤ ያ ስሜት እስከ ዛሬ አልበረደም።

በዚሁ ፈተና ውስጥ ሁለተኛው የአልማዝ ትዝታ ይታያል። ጨረራ የጎዳው ነጠላ ክሪስታል ቮልቴጅ ተጭኖበት ለረጅም ጊዜ በአልፋ ምንጭ ሥር ሲቆይ የኦሲሎስኮፑ መልክ ቀስ በቀስ ይለወጣል። በወጥመዶች የተያዙት ቻርጆች በአንድ ወገን ይከማቹና ከውጭ የጫንነውን መስክ የሚቃወም የራሳቸውን መስክ ይፈጥራሉ። ምልክቱ ያንሳል። እዚህ ላይ ወጥመድ መሙላት ያው ነው፤ ውጤቱ ግን የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። በባለብዙ ክሪስታል አዲስ ድንጋይ የሞላ ወጥመድ መንገድ ይከፍታል፤ እዚህ ግን የሞላ ወጥመድ መንገድ ይዘጋል። ቮልቴጁን አጥፍቶ ብርሃን ማብራት ወይም አቅጣጫውን መገልበጥ ነገሩን ይመልሰዋል። ያ ዓርብ ዕለት ጠላቴ የነበረው መብራት በዚህኛው ፈተና ረዳቴ ነው።

ይህ ጠባይ በጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን፣ በታላቁ የሃድሮን ማጋጫ ላይ ባለው የሲኤምኤስ ዲቴክተር አጠገብ የግጭቶችን ብዛት ለመለካት የታሰበው፣ በረድፍ የተደረደሩ ሴንሰሮች ያሉት የፒክስል ቴሌስኮፕ በመጀመሪያ በነጠላ ክሪስታል አልማዝ እንዲሠራ ነበር የተነደፈው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተካሄደው የሙከራ ተከላ የአልማዞቹ ምልክት በጨረራው ብርታት እንደሚቀንስ አሳየ፤ የመጨረሻው መሣሪያም በሲሊከን ተሠርቶ ተተከለ። አንዳንዶች ይህንን እንደ አልማዝ ሽንፈት ያወሩታል። እኔ እንደ ፈተና ድል ነው የማየው፤ ሙከራው በትክክለኛው ሁኔታ ውስጥ ስለተደረገ ውሳኔው በጊዜ ተወስኗል። ቅንጣቶች በዝግታ በሚመጡበት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ቢፈተን ኖሮ ችግሩ ላይታይ ይችል ነበር።

ስለዚህ ከጠረጴዛው ወደ ቅንጣት ጨረር እንሄዳለን። ሰርን እ.ኤ.አ. በ1994 ያቋቋመው አርዲ 42 የተባለው ትብብር የአልማዝ ዲቴክተሮችን ሲያበለጽግ የኖረው በአብዛኛው በእንዲህ ያሉ ጨረሮች ላይ ነው። ሱፐር ፕሮቶን ሲንክሮትሮን በተባለው የሰርን ማፋጠኛ 120 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸው፣ ፓይዮን የተባሉ ቅንጣቶች ይገኛሉ፤ እነዚህ ድንጋዩን ሳይታጠፉ ቀጥ ብለው ስለሚያልፉ ከፊትና ከኋላ የተደረደሩ የሲሊከን ሴንሰሮች እያንዳንዱ ቅንጣት አልማዙን የበሳበትን ነጥብ በጥቂት ማይክሮሜትር ስህተት ይነግሩናል። በስዊዘርላንድ ቪሊገን ያለው የፖል ሸረር ተቋም ደግሞ የፓይዮኖቹን ፍሰት ከዝቅተኛ እስከ እጅግ ከፍተኛ መቀያየር የሚያስችል ጨረር አለው፤ ድንጋዩ በብዙ ቅንጣት ሥር ያው ሆኖ ይቆያል ወይ የሚለውን ጥያቄ የምንጠይቀው እዚያ ነው።

የጨረር ሳምንት እንደ ሌላው ሳምንት አይደለም። ጨረሩ ሌትና ቀን ይመጣል፤ የተሰጠን ቀን ካለፈ ሌላ ቡድን ይገባል፤ ስለዚህ በፈረቃ እንሠራለን። ሴንሰሩን ለመቀየር ወይም አንድ ሽቦ ለመንካት ጨረሩ መቆም፣ በሩ በቁልፍ መከፈት፣ ሁሉም ሰው መውጣቱ መረጋገጥ፣ በሩ ተመልሶ መዘጋት አለበት። በጠረጴዛ ላይ በአንድ ደቂቃ የሚታረም ነገር እዚያ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከመሄዳችን በፊት ድንጋዩን ወጥመዶቹ እንዲሞሉ በምንጭ ሥር እናሳድረዋለን፤ ከዚያ በጨለማ ሳጥን ታሽጎ ይጓዛል፤ በመተከያው ሰዓትም መብራቱን የምንቀንሰው ለድንጋዩ ስንል ነው። ሌሊቱ ሲጋመስ በቂ ቅንጣት ተሰብስቦ የመጀመሪያው ካርታ ስክሪን ላይ ሲወጣ ግን ድካሙ ይረሳል። ካርታው ድንጋዩን በየቦታው ምልክቱ ምን ያህል እንደሆነ በቀለም ያሳያል፤ በባለብዙ ክሪስታል ላይ ደማቅና ደብዛዛ ቦታዎች ይታያሉ። ከዓመታት በፊት በፕላዝማ ውስጥ ጥቃቅን ክሪስታሎች እየተጋፉ ያደጉበት ታሪክ እዚያ ላይ ተስሎ ይታያል። የስትሮንቲየሙ ቁጥር ይህንን ሁሉ በአንድ አማካይ ውስጥ ደብቆት ነበር።

ቀጥሎ ሆን ብለን ድንጋዩን እንጎዳዋለን። በሰርን በ24 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ፕሮቶኖች፣ በስሎቬንያ ሉብሊያና ባለው የምርምር ሪአክተር በኒውትሮኖች፣ በሌሎች ቦታዎች ደግሞ ዝቅተኛ ጉልበት ባላቸው ፕሮቶኖች ይደበደባል። ከዚያ ይመለሳል፤ ኤሌክትሮዱና መያዣው ራሳቸው ጨረራ ስለሚለቁ እስኪበርድ ይጠበቃል፤ እንደገና ይለካል። በየደረጃው የሚገኘው ውጤት አስደናቂ ቅለት አለው። ቻርጁ ከመያዙ በፊት የሚጓዘውን አማካይ ርቀት ገልብጠን ስንጽፈው፣ ከተቀበለው የቅንጣት ብዛት ጋር በቀጥተኛ መስመር ያድጋል። መስመሩ የሚነሣበት ቦታ ድንጋዩ ሲወለድ የነበሩትን ወጥመዶች ይነግረናል፤ የመስመሩ ዳገት ደግሞ እያንዳንዱ ቅንጣት የሚጨምረውን። ነጠላ ክሪስታሉና ባለብዙ ክሪስታሉ የሚነሡበት ቦታ የተለያየ ነው፤ ዳገታቸው ግን ያው ነው። ስለዚህ ጨረራው እየበዛ ሲሄድ በልደት የነበራቸው ልዩነት ትርጉሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዚህም በላይ የተጎዳ ባለብዙ ክሪስታል ምልክቱ ቢያንስም ከቦታ ቦታ ያለው ልዩነት ይጠባል፤ የስርጭቱ ስፋት ከአማካዩ ጋር ሲነጻጸር ይሰበሰባል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ አላመንሁም ነበር። አሁን ግን በራሴ ልኬቶች ላይ አይቼዋለሁ፤ ምክንያቱም አዲሶቹ ወጥመዶች በድንጋዩ ሁሉ እኩል ስለሚበተኑ የአሮጌዎቹን ዥንጉርጉርነት ይሸፍኑታል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየኝ በሰርን ያለው የአትላስ ዲቴክተር የጨረር ሁኔታ መቆጣጠሪያ ነው። የታላቁ የሃድሮን ማጋጫ እያንዳንዱ ጨረር በተነደፈበት ልክ ሲሞላ 362 ሜጋጁል ጉልበት ይሸከማል፤ ከመንገዱ ቢስት በዙሪያው ያለውን ዲቴክተር ያበላሻል። ከግጭቱ ነጥብ በሁለቱም ወገን 1.84 ሜትር ርቀት ላይ፣ ከጨረሩ 5.5 ሴንቲሜትር ብቻ ርቀው፣ በእያንዳንዱ ወገን አራት የአልማዝ ሞጁሎች ተተክለዋል። ከግጭቱ የሚወጡ ቅንጣቶች ሁለቱንም ወገን በአንድ ጊዜ ይመታሉ። ከመንገዱ የሳተ ጨረር የሚያስነሣው ቅንጣት ግን አንዱን ወገን ከሌላው 12.3 ናኖሰከንድ ያህል ቀድሞ ይመታል፤ ብርሃን 3.68 ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ግጭቶቹ በየ25 ናኖሰከንዱ ስለሚመጡ ይህ ልዩነት የግማሹ ያህል ሆኖ ጥሩና መጥፎውን በግልጽ ይለያል። መሣሪያው የቆመው በአልማዝ ፈጣን ምልክት ላይ ነው። አደጋ ካየ ጨረሩ ከማጋጫው እንዲወጣ ይጠይቃል። ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱ ምልክቱ በማይታወቅ ምክንያት ቢያንስ አደጋን ሳያይ ያልፋል፤ ያለ ምክንያት ቢዘል ደግሞ የሺህ ሰዎችን ሥራ በከንቱ ያቋርጣል። በጃፓን ጹኩባ ያለው የቤል ሁለት ዲቴክተርም ተመሳሳይ ጥበቃውን ለ28 ነጠላ ክሪስታል አልማዞች አደራ ሰጥቷል። እነዚህ ሁሉ ከመተከላቸው በፊት አንድ በአንድ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ አልፈዋል።

ያ ዓርብ የጣልሁት ድንጋይ ከምልክቱ መመለስ በኋላ ወደ ጨረር ሙከራ ሄደ፤ ካርታውም እንደ እኩዮቹ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ለኒውትሮን ተላከ። ከሁለት ሳምንት በፊት ተመልሷል፤ አሁን ከፊቴ ባለው ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው። የመዝገቡን አዲስ ገጽ ከፍቼ እስካሁን የጻፍሁት ይህንን ብቻ ነው፤ «ከሪአክተሩ ከወጣ ጀምሮ በጨለማ፣ በክፍል ሙቀት፣ ቮልቴጅ ሳይጫንበት። በማይክሮስኮፕ አልታየም። ዛሬ ማታ ከምንጩ ሥር ያድራል።» ከሥሩ ያለው ቦታ ለነገ ጠዋት ክፍት ነው።